ገጹም ምስክር ነው፦ የጋዜጣ የስፖርት ገጾች አቀማመጥ ታሪክና ሒስ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ።)



የታሪክ ተማሪ አሮጌ ጋዜጣ ሲገልጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ጽሑፉን ነው። ዜናውን ያነብባል፣ ቀኑን ይመዘግባል፣ የሚጠቅመውን አንቀጽ ይገለብጣል፣ ከዚያም ጋዜጣውን አጥፎ ይመልሳል። በማስታወሻው ላይ የቀረው የቃላት ቅጂ ነው። ዜናው በገጹ አናት ላይ ይሁን ወይም በታችኛው ጥግ፣ በአምስት ዓምድ ርዕስ ይታጀብ ወይም በአንድ፣ በአጠገቡ ምን ፎቶግራፍ እንደ ነበረ፣ ወረቀቱ ራሱ ምን ዓይነት ቀለም እንደ ነበረው በማስታወሻው ውስጥ የለም። ዛሬ የምከራከረው እነዚህ የተተዉት ነገሮች ከቃላቱ ባላነሰ የታሪክ ማስረጃ ናቸው ብዬ ነው፤ ለዚህም የመረጥኩት ምሳሌ ምሁራን እምብዛም ቁም ነገር የማይሉትን የስፖርት ገጽ ነው።

ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። የስፖርት ገጽ በጋዜጣ ውስጥ ከማናቸውም ገጽ ይበልጥ በሰዓት የሚሠቃይ ገጽ ነው። የፓርላማ ውሳኔ ቢዘገይ ነገ ይጻፋል፤ የጨዋታ ውጤት ግን ዛሬ ማታ ካልገባ ነገ ጠዋት ሁሉም ያውቀዋል። በአንድ ገጽ ላይ ትረካን፣ ሰንጠረዥን፣ ፎቶግራፍንና አስተያየትን አንድ ላይ ማስፈር ያለበትም ይኸው ገጽ ነው። ስለዚህ የገጽ አዘጋጆች በችኮላና በጥበት መካከል የፈጠሯቸው መፍትሔዎች በዚህ ገጽ ላይ ከሌላው ቦታ ይልቅ ጎልተው ይታያሉ። በንግግሬ ውስጥ ዓመታቱን፣ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ካልገለጽኩ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ከወረቀቱ ቀለም እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም አንባቢው አንድም ቃል ሳያነብብ የሚያየው እርሱን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፓሪስ የብስክሌት ወዳጆች የሚያነቡት ታላቅ ዕለታዊ ጋዜጣ «ለ ቬሎ» ይባል ነበር፤ የሚታተመውም በአረንጓዴ ወረቀት ላይ ነበር። የጋዜጣው መሪ ፒየር ዢፋር በድሬይፉስ ጉዳይ ከድሬይፉስ ጎን በመቆሙ፣ በጋዜጣው ላይ ማስታወቂያ ያወጡ ከነበሩ ባለ ፋብሪካዎች ጋር ተጣላ። ከእነርሱም መካከል የመኪና ሠሪው ኮንት ደ ዲዮን ነበር። እነዚህ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በ1900 ጥቅምት ወር «ሎቶ ቬሎ» የተባለ ተቀናቃኝ ጋዜጣ አቋቋሙ፤ መሪነቱን ለኦንሪ ደግራንዥ ሰጡ፤ ጋዜጣውንም በቢጫ ወረቀት ላይ አተሙት። ከአረንጓዴው ጎን በጋዜጣ መሸጫው ላይ ሲሰቀል ማንም አይሳሳተውም። ፍርድ ቤት ስሙ ከቀድሞው ጋር ይመሳሰላል በማለቱ በ1903 መጀመሪያ «ቬሎ» የሚለው ቃል ወጥቶ «ሎቶ» ብቻ ቀረ። ጋዜጣው አንባቢ ለመሳብ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የፈረንሳይ ዙር የተባለውን የብስክሌት ውድድር ጀመረ። በ6 ደረጃዎች የተከፈለውን ውድድር ሞሪስ ጋራን አሸነፈ፤ አረንጓዴው ጋዜጣም በሚቀጥለው ዓመት ተዘጋ። መሪው ብስክሌተኛ ከ1919 ጀምሮ የሚለብሰው ቢጫ ሹራብ ከዚያ ወረቀት ቀለም የመጣ ነው የሚለው ማብራሪያ እጅግ የታወቀ ነው፤ የሚከራከሩበት ጸሐፊዎች ግን አልጠፉም።

ሚላኖ ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። «ላ ጋዜታ ዴሎ ስፖርት» በ1896 ሚያዝያ 3 ቀን፣ ማለትም የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ በአቴና ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ታተመ። የመጀመሪያው ወረቀት ፈዛዛ አረንጓዴ ነበር። ዛሬ የምናውቀው ሮዝ ቀለም የመጣው በ1899 ነው። ጋዜጣው በ1909 የኢጣሊያን ዙር ሲያቋቁም ውድድሩ ከወረቀቱ ጋር ተቆራኘ፤ ከ1931 ጀምሮም መሪው ሮዝ ሹራብ ይለብሳል። አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር እዚህ አለ፦ ጋዜጣው ስፖርቱን ብቻ አልዘገበም፤ የራሱን የወረቀት ቀለም በአትሌቱ ጀርባ ላይ አኖረው።

ይህ ሁሉ የንግድ ብልሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለታሪክ ተመራማሪ ብዙም ባልጠቀመ። ነገር ግን ቢጫው ወረቀት በኋላ የፖለቲካ ጉዳይ ሆነ። «ሎቶ» ፈረንሳይ በጀርመን በተያዘችበት ዘመን መታተሙን በመቀጠሉ አገሪቱ ነፃ በወጣችበት በ1944 ተዘጋ። በ1946 የካቲት ወር መጨረሻ «ሌኪፕ» የተባለው ጋዜጣ በዣክ ጎዴ መሪነት ሲተካው፣ ከተጣለበት ግዴታ አንዱ በቢጫ ወረቀት እንዳይታተም የሚል ነበር። በነጭ ወረቀት ወጣ። እስኪ አስቡት፤ መንግሥት የወረቀትን ቀለም የከለከለው ቀለሙ ይናገር ስለ ነበር ነው። በቢጫ የሚወጣ የስፖርት ጋዜጣ «እኔ ያው የቀድሞው ነኝ» ብሎ በየማለዳው ባወጀ ነበር። አሁን ይህን ታሪክ ከማይክሮፊልም ላይ ለማንበብ ሞክሩ። ማይክሮፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ሮዙና ነጩ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይወጣሉ። ቃላቱ አንድም አልጎደሉም፤ ማስረጃው ግን ጠፍቷል።

ከወረቀቱ ወደ ሰዓቱ እንሻገር። የገጽን ቅርጽ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራው ለማየት ከእንግሊዝ የቅዳሜ ምሽት የእግር ኳስ ጋዜጦች የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ከተሞች በየቅዳሜው ማታ የሚወጣ ልዩ የስፖርት እትም ነበራቸው። እነዚህም ቢሆኑ በወረቀታቸው ቀለም ይጠሩ ነበር፤ የሸፊልዱ አረንጓዴ ነበር፣ በበርሚንግሃም የሚታተመው «ስፖርትስ አርገስ» ሮዝ ነበር። ጨዋታው ከቀኑ 9 ሰዓት ይጀመራል፤ ወደ 10 ሰዓት ከ40 ገደማ ያልቃል፤ ጋዜጣው ደግሞ ተመልካቹ ከስታዲየም ወጥቶ ቤቱ ሳይገባ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በመንገድ ላይ መሸጥ ነበረበት።

ይህ እንዴት ተቻለ? ዘጋቢው ጨዋታው እስኪያልቅ አይጠብቅም። በስታዲየሙ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጨዋታው እየተካሄደ፣ አንቀጽ በአንቀጽ በስልክ ያስተላልፋል፤ ፊደል ለቃሚውም የደረሰውን ወዲያውኑ በእርሳስ ፊደል ይደረድራል። የተደረደረ እርሳስ ደግሞ እንደ ዛሬው ኮምፒዩተር በቀላሉ የሚታረም ነገር አይደለም። ስለዚህ ገጹ ከላይ ወደ ታች የሚሞላው በጨዋታው ቅደም ተከተል ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ሰፊ ቦታ ያገኛል፤ ነፋሱ ከየት እንደ ነፈሰ፣ የመጀመሪያውን የማዕዘን ምት ማን እንደ መታ፣ ግብ ጠባቂው በ12ኛው ደቂቃ ምን እንዳደረገ ሁሉ ተዘርዝሯል። ሁለተኛው አጋማሽ በግማሽ ይቀንሳል። የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች፣ ብዙ ጊዜ ጨዋታው የሚወሰንባቸው፣ በሁለት መስመር ይጨመቃሉ። የመጨረሻው ውጤትም አስቀድሞ ባዶ ሆኖ በተተወ ትንሽ ሳጥን ውስጥ በመጨረሻዋ ደቂቃ ይታተማል።

ዛሬ የገጽ ቅንብር የሚያስተምር ሰው ይህን ገጽ ቢያይ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዘዋል። ዋናው ዜና መጨረሻ ላይ ነው፤ ርዕሱ ስለ ውጤቱ እርግጠኛ አይደለም፤ ክብደቱ ከላይ ነው። ሒሱ ከሥነ ውበት አንጻር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ከታሪክ አንጻር ግን ከንቱ ነው። ያ ገጽ ጨዋታው እንዴት እንዳለቀ ሳያውቅ የተጻፈ የጨዋታ ታሪክ ነው። የእሑድና የሰኞ ጋዜጦች የሚጽፉት ውጤቱን ካወቁ በኋላ ነውና አሸናፊው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የተሻለ እንደ ነበር አድርገው ይተርካሉ። የቅዳሜው ማታ ጋዜጣ እንዲህ ማድረግ አይችልም፤ በ20ኛው ደቂቃ የተሻለው ሊሸነፍ የተቃረበው ቡድን ከነበረ፣ እንደዚያው ተጽፎ በእርሳስ ቀርቷል። በሌላ የታሪክ ዘርፍ እንዲህ ያለ ምንጭ ብናገኝ እንደ ወርቅ እንቆጥረው ነበር።

ሦስተኛው ጉዳይ ሰንጠረዡ ነው፤ እዚህ ላይ ጥቂት እዘገያለሁ፤ ምክንያቱም ወደ ራሳችን ፊደልና ቁጥር ያደርሰናል። የስፖርት ውጤትን በሰንጠረዥ የማስፈር ልማድ በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ ሥር የሰደደው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሲሆን፣ ለዚህም ከማንም ይልቅ ስሙ የሚነሣው በእንግሊዝ አገር ተወልዶ በኒው ዮርክ የሠራው ሄንሪ ቻድዊክ ነው። ቻድዊክ ስለ ክሪኬት ይዘግብ የነበረ ሰው ስለሆነ የክሪኬትን የነጥብ መዝገብ ወደ ቤዝቦል አሸጋገረው። በጥቂት ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላት ጠባብ ሣጥን የእያንዳንዱን ተጫዋች ሥራ በቁጥር አስቀመጠች። ያ ሣጥን ቦታ ቆጣቢ ብቻ አልነበረም። አንባቢው ጨዋታውን ራሱ መልሶ እንዲገነባው፣ ዘጋቢውንም እንዲጠራጠር አስቻለው። ዘጋቢው «ድንቅ ተጫወተ» ያለውን ሰው ሰንጠረዡ «ምንም አላደረገም» ሊለው ይችላል።

በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ግን ሰንጠረዥ የራሱ ችግር አለው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። ከዚህም በላይ የቁጥሩ ዋጋ በቦታው አይወሰንም፤ መቶ ሃያ ሦስት ፻፳፫ ተብሎ ሲጻፍ ሦስቱ ምልክቶች ይደመራሉ እንጂ እንደ አረብኛው አኃዝ የአንድ ቤት፣ የአሥር ቤት፣ የመቶ ቤት እየተባሉ ቁልቁል አይሰለፉም። ለመጽሐፍ ምዕራፍ፣ ለዓመተ ምሕረት፣ ለገጽ ቁጥር ይህ ችግር አይፈጥርም። ለእግር ኳስ ግን ይፈጥራል።

ምሳሌ ልስጥ። በ1954 ዓ.ም. ጥር ወር አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ የተጫወቱት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ኢትዮጵያ፣ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ በሚል ስም የተሰለፈችው ግብጽ፣ ቱኒዚያና ኡጋንዳ። በግማሽ ፍጻሜ ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብጽ ኡጋንዳን 2 ለ 1 አሸነፉ። ለሦስተኛ ደረጃ ቱኒዚያ ኡጋንዳን 3 ለ 0 ረታች። ጥር 13 ቀን በተደረገው ፍጻሜ ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። እነዚህን አራት ውጤቶች በግዕዝ አኃዝ ጻፏቸው፤ ሦስቱ ይጻፋሉ፣ አራተኛው ግን «፫ ለ» ካለ በኋላ ይቆማል። ወይ «ባዶ» የሚለውን ቃል በፊደል መጻፍ ነው፣ ወይ ለዚያች አንዲት ቦታ የባዕድ ምልክት መዋስ ነው። በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቁጥር ደግሞ ለዓይን ይከብዳል። የስፖርት ገጽ ከአረብኛው አኃዝ ጋር የተቆራኘው በፋሽን አይመስለኝም፤ ዜሮ ስላስፈለገው ነው። በንግግራችን «ሦስት ለባዶ» ማለታችን ግን አሁንም አለ፤ ቋንቋው ባዶነትን በቃል ያስቀምጣል፣ ገጹ በቁጥር።

ከዚሁ ፍጻሜ ሳንርቅ ሌላ ነገር እንመልከት። ኢትዮጵያ ሁለቱንም ጨዋታዎቿን 4 ለ 2 በሆነ ውጤት አሸነፈች። በተራ ሰንጠረዥ ላይ ሁለቱ ጨዋታዎች መንታ ናቸው። አሁን ግን ከፍጻሜው ውጤት በታች ግቦቹ የተቆጠሩባቸውን ደቂቃዎች በአንዲት ጠባብ ዓምድ እናስፍር፦ በ35ኛው ደቂቃ በዳዊ ለግብጽ፤ በ74ኛው ተክሌ ለኢትዮጵያ፤ በ75ኛው እንደገና በዳዊ፤ በ84ኛው ሉቺያኖ ቫሳሎ፤ በ101ኛው ኢታሎ ቫሳሎ፤ በ117ኛው መንግሥቱ ወርቁ። ስድስት መስመር ናት። ነገር ግን አንባቢው ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ እንደ ሆነች፣ የመጀመሪያው የአቻነት ደስታ አንድ ደቂቃ ብቻ እንደ ቆየ፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀር ቡድኑ እንደ ተረፈ፣ ድሉም በተጨማሪ ሰዓት እንደ ተገኘ ከእርሷ ይረዳል። ብዙ ጊዜ «ድራማዊ» የሚል ቅጽል በርዕስ ላይ ሲጫን አያለሁ። ደቂቃዎቹን ብታትሙ ቅጽሉ ባላስፈለገ ነበር።

ዋንጫውን ለአምበሉ ለሉቺያኖ ቫሳሎ ያስረከቡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። እንዲህ ያለ ቅጽበት በፎቶግራፍ ሲቀርብ የገጽ አዘጋጅ መወሰን ያለበት ነገር አለ። በምስሉ መካከል የሚቆመው ሰጪው ነው ወይስ ተቀባዩ? ግብ ያስቆጠረ ተጫዋች ፎቶግራፍ ከርክክቡ ፎቶግራፍ ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ተማሪዎቼ የዘመኑን ጋዜጦች ሲያገኙ በመጀመሪያ በመስመሪያ ይለኩ ዘንድ የምጠይቃቸው ይህንን ነው። ቃላቱ ተጫዋቾቹን ሲያመሰግኑ የፎቶግራፉ ስፋት ሌላ ነገር ሊናገር ይችላል፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ እኔ የማምነው ስፋቱን ነው።

ስለ ፎቶግራፍ ከተነሣ፣ ጋዜጦች ፎቶግራፍን በነጠብጣብ ማተም የጀመሩት በ1880ዎቹ ነው፤ ፎቶግራፍን በሽቦ ከከተማ ወደ ከተማ በፍጥነት የማስተላለፍ አገልግሎት በአሜሪካው አሶሺዬትድ ፕሬስ ዘንድ የተጀመረው ደግሞ በ1935 ጥር 1 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ሩቅ አገር የተደረገ ውድድር ምስል በማግሥቱ ገጽ ላይ መታየት ቻለ። ይህ ለእኛ ትርጉም ያገኘው በሮም ነው። አበበ ቢቂላ በማራቶን ያሸነፈው በ1960 መስከረም 10፣ በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም በዘመን መለወጫ ዋዜማ። ውድድሩ ሙቀትን ለመሸሽ ወደ ማታ ተጀምሮ በጨለማ፣ በችቦና በመብራት ብርሃን በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ተጠናቀቀ። አበበ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ሲገባ በአዲስ አበባ ወደ ምሽቱ 4 ሰዓት እየተቃረበ ነበር።

የገጽ አዘጋጅ ዓይን ይህን ምስል እንዴት ማየት አለበት? የሯጭ ሰውነት ቁመቱ እንጂ ወርዱ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ የሚፈልገው ቀጥ ያለ፣ በሁለት ዓምድ ወርድ ረጅም የሆነ ቦታ ነው። የችኮላ ልማድ ግን ከሰው ምስል ፊቱንና ደረቱን አስቀርቶ ከወገብ በታች መቁረጥ ነው። ፖለቲከኛን እንዲህ ብትቆርጡት ምንም አይጎድልም። አበበን እንዲህ የቆረጠ አዘጋጅ ግን ዜናውን ቆርጦ ጥሏል፤ ዜናው እግሩ ላይ ነበርና። ሁለተኛው ነገር አቅጣጫው ነው። የሚሮጥ ሰው ፊቱን ወደ ገጹ ውስጥ ማዞር አለበት እንጂ ከገጹ ጠርዝ ወጥቶ የሚሄድ መምሰል የለበትም፤ ከፊቱም ከኋላው የበለጠ ባዶ ቦታ ሊኖር ይገባል። አንዳንዶች ይህን ለማስተካከል ኔጋቲቩን ገልብጠው ያትማሉ። ይህ ሊፈቀድ አይገባም፤ የደረት ቁጥሩ ይገለበጣል፣ አንባቢም ይታለላል።

የፎቶግራፍ ምርጫ ራሱ ትርጓሜ እንደ ሆነ ከሚያሳዩ ጊዜያት ሌላው ባርሴሎና ነው። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር አሸነፈች፤ ሁለተኛ የወጣችው ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ነበረች፤ ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው የድል ዙር ሮጡ። ደቡብ አፍሪካ ከ1960 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ የተመለሰችበት ዓመት ነበር። ስለዚህ በገጽ አዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ ቢያንስ ሁለት ምስሎች አሉ ማለት ነው፦ ደራርቱ ብቻዋን መስመሩን ስታልፍ፣ እና ሁለቱ ሴቶች አብረው ሲሮጡ። የመጀመሪያውን ያጎላ ገጽ የአፍሪካዊት ጥቁር ሴት የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ወርቅ ይላል፤ ሁለተኛውን ያጎላ ገጽ የአፓርታይድን ፍጻሜ ያነሣል። ሁለቱም እውነት ናቸው። እኔ ብጠየቅ ለአዲስ አበባ ገጽ የመጀመሪያውን በትልቁ፣ ሁለተኛውን በታናሹ አደርገው ነበር፤ በኬፕታውን ያለ ባልደረባዬ ግን ተቃራኒውን ቢያደርግ አልፈርድበትም።

ወደ ራሳችን የገጽ ባህል ስንመለስ አንድ የተለመደ አስተሳሰብ ማረም ይገባል። የገጽ ቅንብር ከጋዜጣ ጋር የመጣ የውጭ ዕውቀት ተደርጎ ሲነገር እሰማለሁ። የብራና ጸሐፊዎቻችን ግን ገጹን በሁለት ወይም በሦስት ዓምድ ይከፍሉ፣ ኅዳጉን ለክተው ይተዉ፣ የቅዱሳንን ስምና የምዕራፍ መነሻን በቀይ ቀለም ይለዩ ነበር። ዳዊትን ሲጽፉ ደግሞ መስመሩ እንዳይሰበር በአንድ ዓምድ ያደርጉትና በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ያለውን ውዳሴ ማርያም ወደ ሁለት ዓምድ ይመልሱታል። ቅርጹን ይዘቱ ይወስነው የሚለውን መርሕ ከዚህ በላይ በግልጽ ያሳየ የለም።

ጋዜጣው ያመጣው አዲስ ችግር ሌላ ነው። የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ ስላለው ርዕስን በቅርጽ መለየት ይችላል፤ ፊደላችን ግን እንዲህ ያለ ልዩነት የለውም። ስለዚህ የአማርኛ ርዕስ ጎልቶ መታየት የሚችለው በመጠን፣ በውፍረት፣ በቀለም ወይም በዙሪያው በሚተው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። በእርሳስ ዘመን ይህ ከባድ ወጪ ነበር፤ ከሁለት መቶ ሠላሳ የሚበልጡ ቅርጾችን በየመጠኑ ማስቀረጽ ያስፈልጋልና፣ አንድ ማተሚያ ቤት የሚኖረው የርዕስ ፊደል ዓይነት ውስን መሆኑ አይቀርም። በሌላ በኩል ፊደላችን በቁጥር ቆጣቢ ነው። «ማንቸስተር ዩናይትድ» በላቲን 16 ፊደል ሲሆን በእኛ 11 ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ሰፊ ነው፤ በጠባብ ዓምድ ውስጥ ዳርና ዳሩን ለማስተካከል ሲሞከር በቃላት መካከል ገደል የሚያህል ክፍተት ይፈጠራል። ሁለት ነጥብ ቃላትን ይለይ በነበረበት ጊዜ ቃልን በየትኛውም ቦታ ሰብሮ ወደ ሚቀጥለው መስመር ማሳለፍ ይቻል ነበር፤ ነጥቦቹ ቃሉ የት እንደሚያልቅ ይናገራሉና። ነጥቦቹን ትተን ክፍት ቦታ ስንተካ ያንን ነፃነት አጣን። ዛሬ በስፖርት ጋዜጦቻችን ላይ የምናየው የተቆራረጠ ጽሑፍ ከፊሉ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ በጠባብ ዓምድ የቀኙን ዳር ሳያስተካክሉ መተው።

ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ በኋላ እንደ «ሊብሮ» እና «ሀትሪክ» ያሉ የግል የስፖርት ጋዜጦች ሲወጡ አዲስ ገጽ ተፈጠረ። በየቀኑ ስለማይወጡ ውጤትን በማብሰር ከሬዲዮ ጋር ሊሽቀዳደሙ አይችሉም፤ ስለዚህ ወደ ትንታኔ፣ ወደ ታሪክና ወደ ቃለ ምልልስ አዘነበሉ። በቀለም ማተም ውድ ስለሆነም ቀለሙ በውጭኛው ወረቀት ላይ ብቻ ይውላል፤ የፊቱና የጀርባው ገጽ በአንድ ወረቀት ፊት ላይ አብረው ይታተማሉና። በዚህም ምክንያት የጀርባው ገጽ ሁለተኛ የፊት ገጽ ሆነ። ቀለሙን የሚያገኘው ማን ነው? እዚህ ላይ ሒሴ ጠንከር ይላል። ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው የአውሮፓ ክለብ ኮከብ ነው፤ የአገር ውስጥ ሊግ ጥቁርና ነጭ ሆኖ በውስጥ ገጽ ይቀራል። የአንባቢው ፍላጎት ነው ይባላል፤ ከፊሉ እውነት ነው። ሌላው ምክንያት ግን የጠረጴዛ ምክንያት ነው፦ የለንደኑ ፎቶግራፍ ጥርት ብሎ፣ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ የአዲስ አበባውን ለማግኘት ግን ረጅም ሌንስ የያዘ ፎቶግራፈር ልኮ፣ ከፍሎ፣ ጠብቆ ማግኘት ያስፈልጋል። ነገ አንድ ተመራማሪ በእነዚህ ገጾች ተመርቶ ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን እግር ኳስ አይወዱም ነበር ብሎ ቢደመድም፣ የሌንስ ዋጋን እንደ ፍቅር ማነስ ቆጠረ ማለት ነው።

በውጭው ዓለም ቀለም ሥርዓት ሆኖ የመጣው በ1982 በአሜሪካ «ዩ ኤስ ኤ ቱዴይ» ሲመሠረት ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቀለም ነበረው፣ የስፖርቱ ቀይ ነበር። ብዙዎች አላገጡበት፤ ከዚያም ብዙዎች ቀዱት። ከእርሱ ይልቅ የሚያስተምረኝ ግን በ1990 ተጀምሮ በ1991 የተዘጋው «ዘ ናሽናል» የተባለው የአሜሪካ ዕለታዊ የስፖርት ጋዜጣ ነው። ጥሩ ጸሐፊዎች ነበሩት፣ ገጹም የተዋበ ነበር። ሆኖም ሥርጭቱ አስቸጋሪ ስለ ነበር ሌሊት የሚያልቁ ጨዋታዎች ውጤት ብዙ ጊዜ አይደርሰውም ነበር። የተዋበ ሰንጠረዥ ባዶ መስመር ካለው፣ አንባቢው የሚያየው ባዶውን መስመር ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሣሁበት ልመለስ። ጋዜጦች ወደ ዲጂታል ቅጂ እየተለወጡ ባሉበት በዚህ ጊዜ የሚደረገው ውሳኔ ለረጅም ዘመን የማይታረም ነው። አንደኛው መንገድ እያንዳንዱን ዜና ከገጹ ቆርጦ ለብቻው፣ በቃል ፍለጋ የሚገኝ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ለፈላጊው ምቹ ነው። ግን «4 ለ 2» ብሎ የሚፈልግ ሰው ዜናውን ያገኛል፣ በአጠገቡ የነበረውን አያገኝም፤ ርዕሱ የገጹን ወርድ ሁሉ ይሸፍን እንደ ነበረ ወይም በአንድ ዓምድ ይወሰን እንደ ነበረ አያውቅም። ሁለተኛው መንገድ ሙሉ ገጹን፣ ባዶውን ኅዳግ ጨምሮ፣ በቀለም፣ ከጎኑ መለኪያና የቀለም ማመሳከሪያ ተደርጎበት ማንሣት ነው። ይህ ብዙ ቦታና ገንዘብ ይፈልጋል። በጀት ሲያንስ ደግሞ በመጀመሪያ ከዝርዝሩ የሚሰረዙት የስፖርት ጋዜጦች እንደሚሆኑ አልጠራጠርም፤ ወረቀታቸው ርካሽ ነው፣ አንብቦ መጣል የተለመደ ነው፣ የተሟላ ጥራዝ ያለውም ጥቂት ነው። በቤታችሁ፣ በወንድሞቻችሁ አልጋ ሥር፣ በፀጉር ቤቶች መደርደሪያ ላይ ያሉትን የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ዓ.ም. እትሞች ሳትቆርጡ፣ ሙሉ ገጹን ይዛችሁ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ብታመጡ ለዚህ ሥራ መነሻ ይሆናል። የታጠፈውን አታቃኑት፤ የእጥፉ ምልክትም ጋዜጣው በኪስ ይያዝ እንደ ነበር ይናገራል።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ እተወዋለሁ።